ለሁለት ወር የተሠራች ከተማ

በሰሜን ስኮትላንድ ከኢንቨርነስ ወደ ዊክ ከተማ የሚሄደው ባቡር ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ጉዞው ሊያልቅ ሲቃረብ ደግሞ እንግዳን ግራ የሚያጋባ ነገር ያደርጋል። ጆርጅማስ ከምትባል፣ ዙሪያዋ ሜዳ ብቻ ከሆነ መገናኛ ጣቢያ ሲደርስ ወደ ሰሜን ይታጠፍና ተርሶ ከምትባል ከተማ ይገባል፤ እዚያ ጥቂት ቆሞ በመጣበት ሐዲድ ይመለሳል፤ ጆርጅማስን እንደገና አልፎ ነው ወደ ምሥራቁ ዳርቻ የሚያቀናው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ የተሳሳተ ባቡር የተሳፈርሁ መስሎኝ ትኬት ተቆጣጣሪውን ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ «ዊክ መጨረሻ ናት፤ ብትፈልግም አታልፋትም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሐዲዱ እዚያ ያልቃል።

ኤድንብራ ከኖርሁባቸው ዓመታት ወዲህ የስኮትላንድን የባሕር ዳር ከተሞች አንድ በአንድ መጎብኘት ልማዴ ሆኗል። ብዙዎቹ ሲያዩአቸው ደስ ይላሉ፤ ቀይ ጣሪያ፣ ጠባብ መንገድ፣ ወደቡ ዳር የተደረደሩ ቡና ቤቶች አሏቸው። ዊክ ግን ቆንጆ ናት ብዬ አልዋሽም። ድንጋይዋ ግራጫ፣ ባሕሯ ግራጫ ነው፤ ነፋሱ ዛፍ አያስበቅልም፤ ከወደቡ በላይ ያሉት ቤቶችም ለብርድ እንጂ ለዓይን የተሠሩ አይመስሉም። በ1868 (ዓመታቱንም ወራቱንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ገና 18 ዓመት ያልሞላው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን፣ በኋላ የታወቀው ደራሲ፣ የምሕንድስና ተለማማጅ ሆኖ እዚህ ተልኮ ነበር፤ ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤም ከተማዋን ክፉኛ አማርሯል። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ። በሁለተኛው ጉዞዬ ላይ አንድ ነገር ስለገባኝ ነው፦ ይህች ከተማ የተሠራችው ለዓመት ሳይሆን ለሁለት ወር ነው።

ስሟ ከዚያ ይቀድማል። «ቪክ» በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ ሰርጥ ማለት ሲሆን፣ ከስካንዲኔቪያ በመርከብ የመጡት ሰዎች ስሙን ትተው አልፈዋል። በ1589 ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ የንጉሣዊ ከተማነት መብት ሰጣት። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በወንዙ አፍ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ሆና ቆየች፤ ዓሣው ከፊቷ በየበጋው ይመጣ ነበር፣ እርሷ ግን የምትይዝበት ወደብ አልነበራትም።

ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ጠባይ ያልተረዳ ሰው ዊክን ሊረዳ አይችልም። ሄሪንግ ብቻውን አይዋኝም፤ በሚሊዮን ተሰብስቦ፣ ባሕሩን እስኪያጠቁረው ድረስ በአንድነት ይጓዛል። በዊክ ፊት ለፊት የሚያልፈው በዋናነት በሐምሌና በነሐሴ ነበር። ሥጋው ቅባት የበዛበት በመሆኑ ከባሕር በወጣ በአንድ ቀን ውስጥ ካልተዘረገፈና ጨው ካልተደረገበት ይበላሻል። እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የወራቱ ማጠርና የዓሣው ቶሎ መበላሸት፣ የከተማዋን ሁሉ ነገር ወስነዋል፤ የመንገዷን አቀማመጥ፣ የሠራተኛዋን ብዛት፣ የዕዳዋን ዓይነት፣ የጠቧንና የስካሯንም ጭምር።

በ1786 የተቋቋመው የብሪታንያ የዓሣ ሀብት ማኅበር በምዕራቡ ዳርቻ ኡላፑልንና ቶበርሞሪን ከመሠረተ በኋላ ዓይኑን ወደ ምሥራቅ አዞረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከወንዙ ደቡብ ያለውን መሬት ያዘና አዲስ ከተማና አዲስ ወደብ እንዲነድፍለት ቶማስ ቴልፎርድን ጠራ። አዲሲቱ ከተማም በማኅበሩ ሊቀ መንበር በሰር ዊሊያም ፑልትኒ ስም ፑልትኒታውን ተባለች። ቴልፎርድ በኋላ በሜናይ ድልድይና በካሌዶንያ ቦይ ስሙ የገነነ መሐንዲስ ነው፤ አባቱ ግን በግ ጠባቂ ነበር። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን የሰሜን ስኮትላንድ ባለርስቶች መሬታቸውን ለበግ ርቢ እያደረጉ ጭሰኞቻቸውን ያፈናቅሉ ነበር፤ ፑልትኒታውን ከታሰበችላቸው ሰዎች መካከልም እነዚህ ተፈናቃዮች ይገኙበታል። በግ ላስለቀቃቸው ሰዎች ከተማ የነደፈላቸው የበግ ጠባቂ ልጅ ሆነ።

ንድፉ ዛሬም በእግር ሲሄዱበት ይታያል። ላይኛው ክፍል ከገደሉ አናት ላይ ሆኖ ለመኖሪያ የታሰበ ነው፤ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ መካከላቸው አርጋይል አደባባይ አለ። ታችኛው ክፍል ለሥራ ብቻ የታሰበ ነበር፤ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ግቢ ሲሆን፣ በግቢው ዙሪያ የበርሜል ሠሪው፣ የጨው መጋዘኑና የዓሣ ማሰናጃው ቦታ ተራ በተራ ተደርድሯል። የመጀመሪያው ወደብ በ1811 ተጠናቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ጠበበ፤ ውጫዊውን ወደብ የጨመረለት ጄምስ ብረምነር የሚባል፣ ከዊክ ብዙ በማይርቀው ኪስ የተወለደ መርከብ ሠሪ ነው። ይህ ሰው የሰመጡና መሬት ይዘው የቀሩ መርከቦችን በማንሣት የተካነ ነበር፤ በ1847 በአየርላንድ ዳርቻ አሸዋ ላይ የተቀመጠችውን ግዙፏን የብረት መርከብ ግሬት ብሪትንን ካንሳፈፏት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። በዊክ ሐውልት ቆሞለታል፤ ብዙ ጎብኚ ግን ሳያየው ያልፋል።

በ1860ዎቹ መጀመሪያ፣ ዓሣው ሲበዛ፣ ከዚህ ወደብ ከ1,000 በላይ ጀልባዎች ይወጡ ነበር። አሮጌዎቹ ፎቶግራፎች ላይ ውኃው አይታይም፤ የሚታየው ምሰሶ ብቻ ነው። ሰው ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ጀልባ ለጀልባ እየተራመደ ይሻገር ነበር ይባላል፤ ፎቶግራፎቹን ያየ ሰው ማጋነን ነው ብሎ አይከራከርም።

ይህ ሁሉ ጀልባ የሚያመጣውን ዓሣ ለገበያ ያበቁት ግን ሴቶች ናቸው። በሦስት በሦስት ሆነው ይሠራሉ፤ ሁለቱ ይዘረግፋሉ፣ ሦስተኛዋ በበርሜል ውስጥ ትደረድራለች። ቢላው አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ ይገባል፣ አንድ ጊዜ ይጠመዘዛል፣ የሆድ ዕቃው ወጥቶ ዓሣው እንደ መጠኑ ወደ ገንዳው ይወረወራል። የለመደች ሴት በደቂቃ 40 ዓሣና ከዚያም በላይ ታደርስ ነበር። ጣቶቻቸውን በጨርቅ ቁራጭ ይጠቀልላሉ፤ ቢላው ሳያቆስላቸው እንደማይቀር፣ ቁስሉ ላይም ጨው እንደሚገባ ያውቃሉና። ብዙዎቹ የጌሊክ ቋንቋ ተናጋሪ ሆነው ከምዕራብ ደሴቶች የመጡ ነበሩ፤ ወራቱ ከመድረሱ በፊት ቀብድ ተቀብለው የተቀጠሩ፣ ሣጥናቸውን ይዘው የሚዞሩ፣ ሥራ ፈትተው ሲቆሙ እንኳ እጃቸው ሹራብ የሚሠራ። በዊክ የቅርስ ሙዚየም ውስጥ ከእነዚህ ቢላዎች አንዱን አይቻለሁ። ርዝመቱ ከመዳፌ አይበልጥም። በጎ ፈቃደኛ ሆነው የሚያገለግሉት አዛውንት እናት «የአያቴ እጅ ሲነኩት እንደ ገመድ ነበር» አሉኝና ወደ ሌላ ጎብኚ ዞሩ። ከዚያ በላይ ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

በርሜሎቹ ወዴት ይሄዱ እንደነበር ሳነብ ልቤ ቆም ብሏል። ጨው የበላው የስኮትላንድ ሄሪንግ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ከነበሩት ዋና ገበያዎቹ አንዱ የካሪቢያን ደሴቶች ነበሩ፤ በሸንኮራ አገዳ እርሻዎች በባርነት ለሚሠሩ አፍሪካውያን የሚሰጥ ርካሽ ምግብ ነበር። በተፈናቀለ ሰው ከተማ፣ በቆሰለ ጣት የተዘረገፈው ዓሣ የሚበላው በሰንሰለት ያለ ሰው ነበር ማለት ነው። ባርነቱ በ1830ዎቹ ሲቀር ያ ገበያ ደከመ፤ ንግዱ ወደ አየርላንድ፣ በኋላም ወደ ጀርመንና ወደ ሩስያ ዞረ። ሙዚየሙ ውስጥ ስለ ባልቲክ ወደቦች ብዙ ተነግሮኛል፤ ስለ ካሪቢያን ግን ራሴ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

ጀልባና ነጋዴ የሚዋዋሉት ከወራቱ አስቀድመው ነበር። ዓሣውን ገዝቶ ጨው የሚያስነሰንሰው ነጋዴ፣ ሺህ ያህል ዓሣ በሚይዘው ክራን በሚባል መስፈሪያ ለምሳሌ እስከ 200 ክራን ድረስ በተቆረጠ ዋጋ ለመግዛት ይስማማል፤ ቀብድ ይሰጣል፤ መረብና ጀልባም ያበድራል። ባሕሩ ከሰጠ ዕዳው ይከፈላል፤ ካልሰጠ ወደሚመጣው ዓመት ይሻገራል። በሁለት ወር ውስጥ የዓመቱን ኑሮ ማግኘት ያለበት ሰው አንዲት ሌሊት እንኳ እንድታመልጠው አይፈልግም። ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ያለዚህ አይገባም።

ነሐሴ 18 ቀን 1848፣ ዓርብ ማታ፣ ወደ 800 የሚጠጉ ጀልባዎች ከዊክ ወጡ። ባሕሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነበር፤ የሚያስፈራ ምልክት አልታየበትም። ጀልባዎቹ ክፍት ናቸው፤ ከላይ ወለል የላቸውም። ክፍት የሆኑት ባለማወቅ አልነበረም፤ ለመረቡና ለዓሣው ሰፊ ቦታ እንዲኖር፣ ጀልባው እንዲቀልና ዋጋው እንዲረክስ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነፋሱ ከባሕር ወገን ተነሣ። ቀድመው የተመለሱት ገቡ። የዘገዩት ሲደርሱ ግን ውኃው ሸሽቶ ነበር፤ ዊክ ባሕሩ ሲሞላ ካልሆነ በቀር በበሯ ላይ በቂ ጥልቀት አልነበራትም። ማዕበሉን ሸሽተው የመጡ ሰዎች የወደባቸውን መብራት እያዩ መግባት አልቻሉም። ከሞቱት ብዙዎቹ ያለቁት በመካከለ ባሕር ሳይሆን እዚያው አፉ ላይ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ከዳር ቆመው በሚያዩበት ነው። በዚያ ሌሊት በምሥራቁ ዳርቻ በጠቅላላ 124 ጀልባዎች ጠፉ፤ 100 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ 37ቱ የዊክ ነበሩ።

መንግሥት የባሕር ኃይሉን ካፒቴን ጆን ዋሺንግተንን እንዲመረምር ላከው። በ1849 ያቀረበው ሪፖርት ግልጽ ነበር፤ ጀልባዎቹ በላያቸው ወለል ይነጠፍ፣ ወደቦቹ በማንኛውም ሰዓት የሚገባባቸው ይሁኑ አለ። ከክፍያው ከፊሉ በውስኪ የሚሰጥበትን ልማድም ነቀፈ። ዓሣ አጥማጆቹ ምክሩን ወዲያው አልተቀበሉትም። አልፈርድባቸውም፤ ወለል ማንጠፍ ገንዘብ ነው፣ ገንዘቡም ዞሮ ዞሮ ዕዳ ነው።

ጥልቅና የተጠለለ ወደብ የማበጀቱ ሥራ በ1863 ለስቲቨንሰን ወንድማማቾች ለዴቪድና ለቶማስ ተሰጠ። ቶማስ የሮበርት ሉዊስ አባት ነው፤ የማዕበልን ጉልበት የሚለካ መሣሪያ የፈለሰፈ ሰው ነው። በዘመኑ ባሕር ምን ያህል እንደሚመታ በቁጥር ሊናገር የሚችል ሰው ቢኖር እርሱ ነበር። ከሰርጡ ደቡባዊ ዳር ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚዘረጋ የማዕበል መከላከያ ግንብ ጀመሩ። ልጁም በ1868 እዚህ የመጣው ለዚሁ ሥራ ነበር፤ የጠላቂ ልብስ ለብሶ ወደ ባሕሩ ወለል ወርዷል፤ ከከተማዋ የወደደው ነገር ቢኖር እርሱ ይመስለኛል።

ባሕሩ በየክረምቱ ከግንቡ ይቆርስ ነበር። በታኅሣሥ 1872 በመጣው ማዕበል ግን፣ በጫፉ ላይ በኮንክሪትና በወፍራም የብረት ዘንግ አንድ አካል ሆኖ የታሰረው 1,350 ቶን የሚመዝን የግንቡ ክፍል እንዳለ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ተገፋ። መሐንዲሶቹ በምትኩ 2,600 ቶን የሚመዝን ሌላ ሠሩ። በ1877 እርሱም ሄደ። ከዚያ በኋላ ሥራው ተተወ። ልጁ በኋላ ስለ አባቱ ሲጽፍ የዊክን ወደብ በአባቱ ሕይወት ከደረሱት ነገሮች ዋናው ጥፋት ብሎ አስቀምጦታል። ግንቡ የቆመበትን ቦታ አይቻለሁ። ባሕሩ ሲሸሽ ጥቁር የድንጋይ ክምር ብቅ ይላል፤ እንግዳ ሰው የተፈጥሮ ዐለት ነው ብሎ ያልፈዋል።

ስለ ዊክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን የሥራ ወራት ብቻ ያወራል። የቀሩት አሥሩስ? በ1847 ክረምት፣ ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ ሰው በተራበበት ወቅት፣ በዚሁ ወደብ እህል በመርከብ ተጭኖ ሊወጣ ሲል ሕዝቡ አግዶ ቆመ፤ ወታደሮችም ተኮሱበት። በ1859 ደግሞ፣ ዓሣው ባነሰበት ወራት ማብቂያ ላይ፣ አንድ የከተማ ልጅና አንድ ከደሴቶቹ የመጣ ልጅ በብርቱካን የተነሣ ተጣሉ። ከዚያች ብርቱካን ተነሥቶ የከተማው ሰውና ጌሊክ ተናጋሪዎቹ ዓሣ አጥማጆች በመቶዎች ሆነው ለቀናት ተደባደቡ፤ በቢላ የተወጉ ነበሩ፤ ወታደር እስከ መምጣት ተደረሰ። የደሴቶቹ ሰዎች እስከ ዛሬ «ታላቁ የዊክ ጠብ» ይሉታል። በብርቱካን ነው የተጣሉት ብሎ የሚያምን የዋህ ነው፤ ገንዘቡን ሳይቀበል ወራቱ ያለቀበት ሰው የሚጣላበትን ምክንያት አያጣም።

ውስኪው የራሱ ታሪክ አለው። በ1826 የተቋቋመው የፑልትኒ ማጣሪያ ከወደቡ ጥቂት ደቂቃ በእግር ይርቃል፤ ደንበኞቹም አጠገቡ ነበሩ። መጠጡ ከተማዋን እንዴት እንዳደረጋት ለመገመት ውጤቱን ማየት ይበቃል፦ በ1913 የወጣ ሕግ የየከተማው ነዋሪ ስለ መጠጥ ሽያጭ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ሴቶችም ከ1918 ጀምሮ የመምረጥ መብት አገኙ፤ ከ1922 እስከ 1947 ለ25 ዓመታት በዊክ መጠጥ ቤት አልነበረም። ድምፁን ማን እንደሰጠ ቆጥሮ የመዘገበ የለም፤ እኔ ግን ቅዳሜ ማታ የባሏን ቀብድ ከመጠጥ ቤት በር ላይ ስትጠብቅ የኖረችው ሴት ትታየኛለች። ማጣሪያው በበኩሉ እስከ 1930 ሥራውን ቀጠለ፤ በዚያው ከተማ የሚጠመቀው መጠጥ በዚያው ከተማ መጠጥ ቤት አይገኝም ነበር።

ሄሪንጉ በአንድ ቀን አልቀረም። ጀልባው ትልቅ ሲሆንና በእንፋሎት መሄድ ሲጀምር ጥልቅ ወደብ ያላቸው ፍሬዘርበርግና ፒተርሄድ በረቱ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነትና ከሩስያ አብዮት በኋላ ደግሞ ገበያው ራሱ ፈረሰ። ሐምሌ 1 ቀን 1940 አንድ የጀርመን አውሮፕላን በጠራራ ፀሐይ ወደቡ አጠገብ ባንክ ሮው ላይ ቦምብ ጥሎ 15 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በመንገድ ላይ የሚጫወቱ ሕፃናት ነበሩ። ቦታው ዛሬ ትንሽ የመታሰቢያ አትክልት ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ምንም ማሰብ አልቻልሁም።

የከተማዋ ሰው ቀልድ ያውቃል። ኢብኔዘር ፕሌስ የሚባለው፣ አንድ በር ብቻ ያለው መንገድ ርዝመቱ 2.06 ሜትር ሲሆን የዓለም አጭሩ መንገድ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ነዋሪዎቹ ስለ እርሱ የሚያወሩት በኩራትና በፌዝ መካከል ሆነው ነው። የእውነት የሚኮሩበት ግን የጆንስተን ቤተሰብ ፎቶግራፎች ናቸው። ሦስት ትውልድ፣ ከ1863 እስከ 1975፣ በዚህች ከተማ ፎቶ አነሣ። ብዙው የመስታወት ኔጌቲቭ ጠፍቷል፤ ወደ 50,000 የሚጠጋው ግን ተርፏል። በምሰሶ ብዛት ውኃው የማይታይበት ወደብ፣ እጆቿን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ካሜራው የምትስቅ ልጅ፣ እስከ ሰማይ የተከመረ በርሜል፤ ሁሉም እዚያ አለ። ሥራው ለሁለት ወር ነበር፤ ሥዕሉ ግን ቀርቷል።

ዛሬ በዊክ ወደ 7,000 ሰው ይኖራል። በሦስተኛው ጉዞዬ ማለዳ ወደ ወደቡ ወረድሁ። ቴልፎርድ የነደፈው ታችኛው ፑልትኒታውን አብዛኛው ባዶ ነው፤ በወደቡ ዳር ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች ጥቂቶቹ ግን ታድሰው መብራት በርቶባቸዋል። ከዳርቻው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የተተከለው የቢያትሪስ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ከ2019 ጀምሮ በ84 ተርባይኖች እስከ 588 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ የጥገና ሠራተኞቹም የሚወጡት ከዚህ ነው። የራስ ቁርና ደማቅ ልብስ ያደረጉ ወጣቶች ቴርሞሳቸውን ይዘው ወደ ጀልባው ሲወርዱ አንደኛው ቆም ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የባሕር መሙያና መሸሻ ሰዓት አነበበ። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ፤ ጀልባዋም በዚያው አፍ፣ ጥቁሩን የድንጋይ ክምር በስተቀኝ ትታ ወጣች።